ከኮዱ ሥር፦ የአራት ኪሎ ቅዳሜዎች ማስታወሻ

ጥቅምት 1 ቀን 2018

ዛሬ ማሽኑን ከኮዱ ሥር ወርደን ማየት ጀመርን። ቦታው አራት ኪሎ ነው። ከዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ ብዙ ሳይርቅ፣ ፎቅ ላይ ያለች አንዲት ክፍል። ባለቤቱ ቅዳሜ ከሰዓት ስለማይጠቀምባት በትንሽ ኪራይ ለቀቀልን። የመጡት ሁሉ ፕሮግራመሮች ናቸው። አንዷ የክፍያ ሲስተም ላይ ትሠራለች። አንዱ ለሱቆችና ለፋርማሲዎች የዕቃ መቆጣጠሪያ ይጽፋል። የቴሌግራም ቦት እየሠሩ የሚሸጡ አሉ። ገና ተመርቀው ሥራ የሚያፈላልጉም አሉ።

ሁሉም ኮድ መጻፍ ይችላሉ፤ እሱ ላይ ጥያቄ የለኝም። ያልተማሩት ሌላ ነገር ነው። የጻፉት መስመር ማሽኑ ውስጥ ገብቶ ምን እንደሚሆን አይተው አያውቁም። ስልጠናውም፣ ዩቲዩቡም፣ የሥራ ማስታወቂያውም ወደ ላይ ነው የሚገፋቸው፤ አዲስ ፍሬምወርክ፣ አዲስ ላይብረሪ፣ ማለትም ሌላ ሰው የጻፈው ዝግጁ ኮድ። «እስቲ ወደ ታች እንውረድ» የሚል የለም። የታችኛው ዕውቀት የሊቃውንት ጉዳይ ተደርጎ ይታያል። እኔ በዚህ ፈጽሞ አልስማማም። ሲስተም ሲንቀራፈፍ፣ የደንበኛ ስም ሲቆረጥ፣ ሂሳብ በሳንቲም ሲዛባ፣ መብራት ሄዶ ሲመጣ የተመዘገበው ሲጠፋ፣ መልሱ ያለው ታች ነው። ማሽኑ ደግሞ አይደብቅም። የሚጠይቀው ካገኘ ሁሉንም ይናገራል።

ይህን ማስታወሻ የምይዘው ሐዋሳ ወይም ደሴ ያለ ሰው ጓደኞቹን ሰብስቦ ተመሳሳይ ነገር መሞከር ቢፈልግ መነሻ እንዲሆነው ነው። የሚያስፈልገው ጥቂት ነው። አንድ አሮጌ ኮምፒውተር፣ ሊነክስ (ኦፕሬቲንግ ሲስተም)፣ የሲ ኮምፓይለር (በሲ ቋንቋ የተጻፈን ኮድ ወደ ማሽን ቋንቋ የሚቀይር)፣ ፓይተን (ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ)፣ ነጭ ሰሌዳና ሰፊ ጠረጴዛ።

የመጀመሪያው ሥራ መፍታት ነበር። ከመርካቶ የተገዛ ያገለገለ ዴስክቶፕ ጠረጴዛ ላይ አውጥተን ጎኑን ከፈትን። አቧራውን በብሩሽ ጠርገን ክፍሎቹን ለየን፤ ፓወር ሰፕላይ፣ ማዘርቦርድ (ክፍሎቹ የሚሰኩበት ሰሌዳ)፣ ራም (መብራት ሲሄድ የያዘውን የሚያጣ ጊዜያዊ ሚሞሪ)፣ የሚያሰላው ፕሮሰሰርና በላዩ ያለው ማቀዝቀዣ። ይሄ ብዙ ጊዜ አልወሰደብንም። የቆየነው ዳታ በቋሚነት የሚቀመጥበት ሃርድ ዲስክ ላይ ነው።

አንድ የሞተ ሃርድ ዲስክ ለብቻው ይዤ ነበር። ክዳኑ የሚፈታው ጫፉ ኮከብ በሆነ ካቻቢቴ ነው። አንዷ ብሎን ስቲከሩ ሥር ተደብቃለች፤ እሷን ያላገኘ ሰው ሲታገል ይውላል። ሲከፈት የሚያብለጨልጩ ክብ ሳህኖች ይታያሉ። በላያቸው ቀጭን ክንድ አለች። ክንዷ ጫፍ ላይ የምታነበውና የምትጽፈው ጭንቅላት ተቀምጣለች። የዕቃ መቆጣጠሪያ የሚጽፈው ልጅ ክንዷን በጣቱ ከዳር ወደ መሀል ገፋ አደረጋት።

«ጋሼ፣ ዳታቤዙ አንድ ነገር ሲፈልግ የምትንቀሳቀሰው ይቺ ናት?»

አዎ፣ ይቺው ናት። ከዚያ ሰሌዳው ላይ አሰላን። እንዲህ ያለው ዲስክ በደቂቃ 7,200 ጊዜ ይዞራል። በሰከንድ 120 ማለት ነው። አንዱ ዙር 8 ሚሊሰከንድ ከምናምን ይፈጃል። የምንፈልገው ቦታ ጭንቅላቷ ሥር እስኪደርስ በአማካይ ግማሽ ዙር እንጠብቃለን፤ 4 ሚሊሰከንድ ገደማ። ክንዷ ቦታ እስክትይዝ የምትወስደው ጊዜ ሲጨመር ወደ 10 ሚሊሰከንድ ይጠጋል። በዚህ ጊዜ ውስጥ የ3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር ሰዓት፣ ማለትም በሰከንድ 3 ቢሊዮን ጊዜ የሚመታው፣ 30 ሚሊዮን ጊዜ ይመታል። ቁጥሩን ሲያዩት ክፍሉ ጸጥ አለ። ክንዷን በእጃቸው ገፍተዋታልና ቁጥሩ ባዶ ቁጥር አልነበረም።

ጥቅምት 8

ከፒያሳ የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቅ ጥቂት ሜትር ሽቦ ገዝቼ መጣሁ። በማስመሪያ እየለካን 30 ሴንቲ ሜትር እያደረግን ቆረጥነው። ለእያንዳንዱ አንድ አንድ ደረሰ። ብርሃን በአንድ ናኖሰከንድ፣ ማለትም በሰከንድ አንድ ቢሊዮንኛ፣ ሊሄድ የሚችለው ይህችን ያህል ነው። ሐሳቡ የግሬስ ሆፐር ነው። የአሜሪካ ባሕር ኃይል አድሚራልና የኮምፒውተር ሳይንቲስት ነበሩ። ንግግር ሲያደርጉ ይህንኑ የሚያህል ሽቦ ለአድማጩ ያድሉ ነበር። የእርሳቸው ዘዴ እስካሁን ድረስ የሚተካው አላገኘሁም። ናኖሰከንድን በእጅ መያዝ ይቻላል።

በ3 ጊጋኸርዝ ፕሮሰሰር አንዱ ምት የሽቦዋን ሲሶ ያህላል፤ 10 ሴንቲ ሜትር። ማዘርቦርዱ ላይ ከፕሮሰሰሩ እስከ ራሙ በማስመሪያ ለኩ አልኳቸው። ለኩ። ራም ለምን «ሩቅ» እንደሚባል ያኔ ገባቸው። የርቀቱ ጉዳይ ብቻ እንዳልሆነም ነገርኳቸው። ራሙ ውስጥ ያለው አሠራር ራሱ ጊዜ ይወስዳል። ለዚህ ነው ፕሮሰሰሩ ሆዱ ውስጥ ካሽ የሚባል ትንሽ ፈጣን ሚሞሪ የያዘው።

መጠኑን ለመጨበጥ አንድ ናኖሰከንድን አንድ ሰከንድ እናድርገው ተባባልን። ቅርቡ ካሽ ውስጥ ያለ ነገር በሰከንድ ገደማ እጃችን ይገባል። ራም ውስጥ ያለው 100 ሰከንድ ያህል ይወስዳል፤ ታች ሱቅ ወርዶ እንደመመለስ። ኤስኤስዲ በሚባለው፣ የሚዞር አካል በሌለው ዲስክ ላይ ያለው ከአንድ ቀን በላይ ያስጠብቃል። ያ ባለፈው የፈታነው ሃርድ ዲስክ ግን ወደ 4 ወር ነው። ሰኔ ላይ የጠየቅነው መስከረም ላይ ይመጣል፤ አንድ ሙሉ ክረምት። ይህን ንጽጽር ሰሌዳው ላይ ጽፈን እንዳይጠፋ ፎቶ አነሳነው።

ከዚያ ሙከራው። በሲ 8,000 በ8,000 የሆነ የቁጥር ሠንጠረዥ ሠራን። እያንዳንዱ ቁጥር 4 ባይት ነው፤ ባይት ማለት 8 ቢት፣ ቢት ማለት አንድ 0 ወይም 1። 64 ሚሊዮን ቁጥር፣ 256 ሚሊዮን ባይት። አንዱ ፕሮግራም ረድፍ በረድፍ ይደምራል። ሌላው ዓምድ በዓምድ ይደምራል። ኮዱ ላይ ያለው ልዩነት የሁለቱ ሉፖች፣ ማለትም ሥራውን የሚደጋግሙት መስመሮች፣ ቅደም ተከተል ብቻ ነው። ያው ቁጥር፣ ያው ድምር፣ ያው መልስ። ጊዜው ግን ያው አይደለም። ዓምድ በዓምድ የሚሄደው በብዙ እጥፍ ዘገየ።

ምክንያቱን እነሱው እንዲያወጡት ዝም አልኩ። ጥቂት ተከራከሩ። በመጨረሻ ከቦት ሠሪዎቹ አንዱ አገኛት። ፕሮሰሰሩ ከራም አንድ ቁጥር ለብቻው አያመጣም። 64 ባይት በአንዴ ነው የሚያመጣው፤ በእኛ ቁጥር 16 ጎረቤታሞች ማለት ነው። ረድፍ በረድፍ የሄደ ሰው አንዴ ተጉዞ 16ቱንም ይጠቀምባቸዋል። ዓምድ በዓምድ የሄደው 16 አምጥቶ አንዷን ይጠቀምና ሌላ ጉዞ ይወጣል። ወደተቀሩት 15 ሲመለስ ካሹ በሌላ ተይዟል።

ይህን ሙከራ ፓይተን ላይ አትሞክሩት። የፓይተን ሊስት ቁጥሮቹን ጎን ለጎን አይደረድርም፤ አድራሻቸውን ነው የሚይዘው። ልዩነቱ በሌላው ሥራ ይዋጣል።

ጥቅምት 15

ዛሬ የሠራነውን ከሁሉ አስበልጬ እወደዋለሁ። ፊደል ነው።

ባዶ ፋይል ውስጥ «ሰላም» ብለን ጽፈን አስቀመጥን። መስመር ሳንዘል፣ ሌላ ምንም ሳንጨምር። የፋይሉ መጠን ስንት ነው? አብዛኞቹ 3 ባይት አሉ። ስናየው 9 ነው። ከዚያ ባይቶቹን አንድ በአንድ አወጣናቸው፦ 225፣ 136፣ 176፣ 225፣ 136፣ 139፣ 225፣ 136፣ 157። የቁጥሩ አመጣጥ ግልጽ እስኪሆን ሰሌዳው ላይ በእጅ ሠራነው።

ዩኒኮድ የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ለእያንዳንዱ ፊደል ቁጥር ሰጥቷል። ሀ 4608 ነው። ሰ 4656 ነው። ይህ ቁጥር በአንድ ባይት አይገባም፤ ባይት ከ255 በላይ አይዝም። ዩቲኤፍ 8 የሚባለው የዩኒኮድን ቁጥር በባይት የመጻፊያ ዘዴ ቁጥሩን እንዲህ ይከፍለዋል። 4656ን ለ4096 ስናካፍል 1 ይደርሳል፤ 224 ላይ ሲጨመር 225። የተረፈው 560 ነው። ለ64 ስናካፍለው 8 ይደርሳል፤ 128 ላይ ሲጨመር 136። የተረፈው 48 ነው፤ 128 ላይ ሲጨመር 176። ሦስቱ ባይቶች ወጡ። «ላ»ንና «ም»ን እነሱ ሠሩ። ሁሉም ልክ መጣ። ዩቲኤፍ 8ን የኮምፒውተር ሳይንቲስቶቹ ኬን ቶምፕሰንና ሮብ ፓይክ እ.ኤ.አ. በ1992 ነው የነደፉት። የኢትዮጵያ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ደግሞ በስሪት 3.0፣ እ.ኤ.አ. በ1999 ነው። ከዚያ በፊት እያንዳንዱ የአማርኛ ሶፍትዌር የራሱን ቁጥር ይጠቀም ስለነበር፣ አንዱ ላይ የተጻፈ ደብዳቤ ሌላው ላይ ሲከፈት ዝብርቅርቅ ይወጣል።

ቀጥሎ ያየነው ነገር እኔን አሁንም ያስደስተኛል። «ለ» 4616 ነው። ሉ 4617፣ ሊ 4618፣ ላ 4619፣ ሌ 4620፣ ል 4621፣ ሎ 4622። ቁጥሩን ለ8 አካፍለን ቀሪውን ስናይ ግዕዝ 0፣ ካዕብ 1፣ ሣልስ 2፣ ራብዕ 3፣ ኃምስ 4፣ ሳድስ 5፣ ሳብዕ 6 ይሆናል። በቁጥሩ መጨረሻ ያሉት ሦስት ቢቶች የፊደሉ እርከን ናቸው። የተቀሩት ቢቶች ቤተሰቡ ናቸው። በልጅነታችን በእንጨት እየተጠቆመ የተማርነው የፊደል ገበታ፣ ረድፉና ዓምዱ ሳይፈርስ፣ እዚያ ቁጥሮቹ ውስጥ ተቀምጧል።

ይህ ለዕውቀት ብቻ አይደለም። ተመራቂዋ ልጅ እዚያው ላፕቶፗን ከፍታ አጭር ፕሮግራም ጻፈች። የቃሉን ፊደሎች ሦስቱን ቢቶች ዜሮ እያደረገች ወደ ግዕዝ ትመልሳቸዋለች። «ሰላም» ሰለመ ይሆናል፣ «ሰላሙ»ም ሰለመ ይሆናል፣ «ሰላሜ»ም እንዲሁ። ለአማርኛ ፍለጋ መነሻ የሚሆን ነገር በጥቂት መስመር ወጣ። በእርግጥ ይህ ብቻውን አይበቃም። ሀ፣ ሐ እና ኀ የተለያየ ረድፍ ላይ ናቸው። ሰ እና ሠ፣ አ እና ዐ፣ ጸ እና ፀም እንዲሁ። «ፀሐይ» ብሎ የተመዘገበን ሰው «ጸሀይ» ብሎ የሚፈልግ አያገኘውም። ለእነዚህ አንዱን ወደ አንዱ የሚመልስ ትንሽ ሠንጠረዥ ያስፈልጋል። ለአገር ውስጥ ሲስተም ሲስተሙ ራሱ ውስጥ ሊኖር የሚገባው ነገር ነው ብዬ አምናለሁ። ስማችንን መፈለግ የማይችል ሲስተም አልቋል ሊባል አይገባውም።

ከዚያ መቁረጥ። አንድ የድሮ ዳታቤዝ የስም ቦታው 20 ባይት ነው እንበል። «ገብረመድኅን» 7 ፊደል ነው። ሲታይ አጭር ነው። ባይቱ ግን 21 ነው። ሲገባ የመጨረሻው ን ሦስተኛ ባይቱን ያጣል። የቀሩት ሁለቱ ብቻቸውን ፊደል አይደሉም። ስክሪን ላይ ያቺ ጥቁር ጥያቄ ምልክት ትመጣለች።

ስለ አጭር መልእክትም አነሳን። አንድ ኤስኤምኤስ 140 ባይት ነው። የላቲን ፊደል በ7 ቢት ስለሚታሸግ 160 ይገባል። አንድ የአማርኛ ፊደል እንኳ ከገባበት መልእክቱ በሙሉ በ16 ቢት ይሄዳል፤ 70 ፊደል ብቻ። ቦት ሠሪው ወዲያው ስልኩን አውጥቶ ለደንበኞቹ የሚልከውን ጽሑፍ መቁጠር ጀመረ።

ጥቅምት 19፣ ረቡዕ ማታ

የዕቃ መቆጣጠሪያው ልጅ ደወለ። አንድ ፋርማሲ የመድኃኒት መግለጫዎች በአማርኛ ሲጻፉ ጫፋቸው ላይ ጥያቄ ምልክት ይመጣል እያለ ለወራት ሲያማርረው ነበር። «ጋሼ፣ ፎንት ነው ብዬ ስንት ፎንት ቀያየርኩ መሰለዎት። የቦታው ርዝመት በባይት ነበር የተጻፈው።» ዛሬ በፊደል እንዲቆጠር አድርጎ አስተካክሎታል። ድምፁ ላይ ያለው ደስታ ደስ አሰኘኝ።

ጥቅምት 22

ገንዘብና ጊዜ። የክፍያ ሲስተም የምትሠራዋ ልጅ ቀደም ብላ መጥታ ፊት ለፊት ተቀመጠች።

ፓይተን ላይ ከዜሮ ተነስተን በሉፕ 10 ሳንቲም፣ ማለትም 0.1 ብር፣ 10 ጊዜ ደመርን። 1 ብር መምጣት አለበት። የመጣው 0.9999999999999999 ነው። አንድ ብር ይሞላል ወይ ብለን ስንጠይቀው አይሞላም ይላል። ፓይተንን ለብቻው መክሰስ አይገባም። የጃቫስክሪፕትና የሲ ቋንቋዎችም ያው ናቸው። አንድ ሦስተኛን በአሥር ቤት ስንጽፍ 0.333 እያልን እንደማንጨርሰው ሁሉ፣ አንድ አሥረኛም በሁለት ቤት፣ ማለትም ማሽኑ በሚጠቀምበት የ0ና የ1 አጻጻፍ፣ አያልቅም። ማሽኑ የሆነ ቦታ ላይ መቁረጥ ግድ ይለዋል። ያቺ ቁራጭ ትጠራቀማለች።

መፍትሔው የታወቀ ነው። ገንዘብን በሙሉ ቁጥር፣ በሳንቲም ያዙ። ስታሳዩ ብቻ ለ100 አካፍሉ። ነገር ግን እዚህም ወለሉን ማየት ያስፈልጋል። 32 ቢት ያለው ሙሉ ቁጥር፣ ምልክቱ አንዱን ቢት ሲወስድ፣ ትልቁ 2,147,483,647 ነው። በሳንቲም ከሆነ 21,474,836 ብር ከ47 ሳንቲም። አንድ ደህና አስመጪ በአንድ ክፍያ ይደርስበታል። ስለዚህ 64 ቢት። ልጅቷ ደብተሯ ላይ ሁለት ጊዜ አሰመረችበት።

ያው ቁጥር ሰዓት ውስጥም አለ። ብዙ ሲስተሞች ጊዜን የሚይዙት ከአንድ መነሻ ጀምረው ሰከንድ እየቆጠሩ ነው። መነሻው እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 1 ቀን 1970 በግሪንዊች እኩለ ሌሊት ነው። በእኛ ታኅሣሥ 23 ቀን 1962፣ ከሌሊቱ 9 ሰዓት። ቆጠራው 32 ቢት ላይ ከሆነ 2,147,483,647ኛዋ ሰከንድ መቼ ትደርሳለች? ቀኑን ወደ እኛ አቆጣጠር እንዲቀይሩት ሰጠኋቸው። ሲሠሩት ጥር 11 ቀን 2030 መጣ። ጥምቀት ነው! ከጠዋቱ 12 ሰዓት ከ14 ደቂቃ ከ7 ሰከንድ። ታቦታቱ ጃንሜዳ ባሉበት ሰዓት። ከዚያች ሰከንድ ቀጥሎ ቁጥሩ ወደ ኔጌቲቭ ይገለበጥና ቀኑ ታኅሣሥ 1894 ይሆናል። ዐፄ ምኒልክ ዙፋን ላይ ያሉበት ዘመን።

አንዱ «ገና ነው እኮ» አለ። ገና አይደለም። ዛሬ የ15 ዓመት የቤት ብድር የሚመዘግብ ሲስተም የመጨረሻውን ክፍያ ቀን ሲያሰላ ከዚያች ሰከንድ አልፎ ይሄዳል። ማይኤስኪዩኤል በሚባለው ዳታቤዝ ላይ ታይምስታምፕ የሚባለው የዳታ ዓይነት ዛሬም እዚያችው ሰከንድ ላይ ያበቃል። የአዲሶቹ ኦፕሬቲንግ ሲስተሞች ሰዓት 64 ቢት ሆኗል። የእኛ ሠንጠረዦችና የእኛ ፋይሎች ግን በራሳቸው አይቀየሩም። ማየትና መቀየር የኛ ሥራ ነው።

ጥቅምት 29

ፕሮግራም ብቻውን ምንም ማድረግ አይችልም። ማስላት ይችላል፤ ከዚያ ውጭ ግን ፋይል መክፈትም፣ ስክሪን ላይ መጻፍም፣ ኔትወርክ ላይ መላክም ከርነሉን፣ ማለትም የኦፕሬቲንግ ሲስተሙን እምብርት፣ መጠየቅ አለበት። ጥያቄው ሲስተም ኮል ይባላል። ሊነክስ ላይ ኤስትሬስ የምትባል መሣሪያ አለች። ፕሮግራሙ ከርነሉን የጠየቀውን ሁሉ፣ አንዱንም ሳታስቀር፣ በየመስመሩ ታወጣለች። ለፕሮግራመር ከዚህ የበለጠ መሣሪያ ብዙ አላውቅም።

«ሰላም» ብላ የምታትም የአንድ መስመር ፓይተን ፕሮግራም በኤስትሬስ አስነሳን። ስክሪኑ በመቶዎች በሚቆጠሩ መስመሮች ተጥለቀለቀ። ሚሞሪ ስጠኝ፣ ይሄን ላይብረሪ ክፈት፣ ይሄ ፋይል አለ ወይ፣ የለም፣ እዚያስ? መጨረሻው አካባቢ የምንፈልጋትን አገኘናት። ወደ ቁጥር 1፣ ማለትም ወደ ስክሪኑ፣ 10 ባይት ጻፍ ትላለች። ዘጠኙ የ«ሰላም» ናቸው፤ አንዷ የመስመር መዝለያ። ልጆቹ ከጥቅምት 15 ጀምሮ የሚያውቋቸው ባይቶች ነበሩ።

እያንዳንዱ ጥያቄ ዋጋ አለው። ፕሮሰሰሩ ከፕሮግራሙ ወደ ከርነሉ ተሻግሮ ይመለሳል። ዋጋውን ለማየት የ100 ሜጋባይት ፋይል በሲ ሁለት ዓይነት አነበብን። አንደኛው አንድ አንድ ባይት እየጠየቀ፤ ከ104 ሚሊዮን በላይ ጥያቄ። ሁለተኛው 64 ኪሎባይት በአንዴ እየጠየቀ፤ 1,600 ጥያቄ። ሁለተኛው ዓይን ሳይጨፈን አለቀ። አንደኛውን ተቀምጠን ጠበቅነው። ፋይሉ ያው ነው፤ በሁለቱም ጊዜ ራም ውስጥ ነበር። ልዩነቱ የመመላለሱ ነው።

ፓይተንና ሌሎቹ ቋንቋዎች ይህን ስለሚያውቁ በመሀል መያዣ ያደርጋሉ። ጥቂት ጥቂት ብንጽፍም እነሱ አጠራቅመው በአንዴ ይልካሉ። ጥሩ ነው። ግን አንድ ጥያቄ ያስነሳል። የተጠራቀመው ሳይላክ መብራት ቢሄድስ? ለሚቀጥለው ቅዳሜ ይሄው ይሁን ተባባልን።

ኅዳር 6

ይህን ሙከራ ለማንም አዲስ አበባ ውስጥ ለሚሠራ ፕሮግራመር ግዴታ ባደርገው ደስ ይለኛል።

አሮጌው ዴስክቶፕ ላይ የሚሠራ ሃርድ ዲስክ ገጠምን። አንድ ፕሮግራም በሰከንድ 100 «ክፍያ» ፋይል ላይ ይጽፋል፤ እያንዳንዱ ቁጥር አለው። መያዣውን ዘግተን እያንዳንዱ መስመር ወዲያው ወደ ከርነሉ እንዲሄድ አድርገናል። ያንኑ ቁጥር በኔትወርክ ገመድ ወደ አንድ ላፕቶፕ ይልካል። ማለትም ላፕቶፑ ላይ የሚታየው ደንበኛው «ክፍያዎ ተሳክቷል» ተብሎ የተነገረው ነው። ጥቂት ካስኬድን በኋላ የዴስክቶፑን ሶኬት ነቀልን።

ስናስነሳው ፋይሉ ውስጥ ያለው የመጨረሻ ቁጥር ላፕቶፑ ላይ ካየነው በጣም ወደኋላ የቀረ ነው። ብዙ ክፍያዎች የሉም። ፕሮግራሙ ጻፍ ብሎ ጠይቋል፤ ከርነሉም እሺ ብሏል። ከርነሉ እሺ ያለው ግን ራም ውስጥ አስቀምጦ ነው። ሊነክስ የተጻፈን ዳታ በራሱ ጊዜ ነው ወደ ዲስክ የሚያወርደው። በተለመደው አቀማመጥ 30 ሰከንድ ያህል ራም ውስጥ ሊቆይ ይችላል። በሰከንድ 100 ክፍያ ከሆነ እስከ 3,000 ክፍያ አየር ላይ ነው።

የክፍያ ሲስተሟ ልጅ ብዙ አልተናገረችም። «ይሄ ሁልጊዜ እንዲህ ነው?» ብቻ አለች።

ካልጠየቅነው አዎ። መጠየቂያው ኤፍሲንክ ይባላል። «ይህን ፋይል ዲስኩ ላይ ሳታሳርፍ አትመለስ» ማለት ነው። ከእያንዳንዱ መስመር በኋላ ጨመርነውና ደግመን ሶኬቱን ነቀልን። ላፕቶፑ ላይ የታየው ሁሉ ፋይሉ ውስጥ ተገኘ። ፍጥነቱ ግን ወደቀ፤ በሰከንድ 100 የነበረው ከግማሽ በታች ሆነ። ለምን? መልሱን ከመጀመሪያው ቀን ያውቁታል። ዲስኩ በሰከንድ የሚዞረው 120 ጊዜ ነው። እያንዳንዱ ኤፍሲንክ ቢያንስ ቦታው እስኪመጣ ይጠብቃል፤ ፋይል ሲስተሙም የራሱን መዝገብ ይጽፋል።

ቀጥሎ አሥር አሥር ክፍያ አንድ ላይ እየጻፍን አንድ ኤፍሲንክ አደረግን። «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት የሚላከው ከኤፍሲንኩ በኋላ ብቻ ነው። ፍጥነቱ ተመለሰ፤ የጠፋም የለም። እንደ ፖስትግሬስ ያሉ ደህና ዳታቤዞች ከውስጥ የሚያደርጉት ይህንኑ ነው። መጀመሪያ ለውጡን አንድ ተከታታይ መዝገብ ላይ ይጽፋሉ፣ ዲስክ ላይ ያሳርፉታል፣ ከዚያ ነው ኮሚት ሆነ፣ ማለትም ጸና፣ የሚሉት። ፍጥነት ለማግኘት ይህን ማጥፋት የሚያስችል ማስተካከያ አላቸው። ከማጥፋቱ በፊት ምን እንደሚያጠፋ ማወቅ ያሻል። የሰው ገንዘብ የሚይዝ ሲስተም ላይ ማጥፋት አይገባም፤ እዚህ ላይ ድርድር የለኝም።

መብራት ሲሄድ ማሽኑን የሚያቆይ ባትሪ፣ ዩፒኤስ፣ ይኑር፤ ጄኔሬተርም ይኑር። ግን ፓወር ሰፕላይም ይቃጠላል፣ ከርነልም ይቆማል። መሞከር ለሚፈልግ፦ ሶኬት የሚነቀለው ምንም ጠቃሚ ነገር የሌለበት የሙከራ ማሽን ላይ ብቻ ነው።

ኅዳር 13

ዛሬ አጠር ያለ ነበር፤ ኔትወርክ። ብርሃን በፋይበር፣ ማለትም ኢንተርኔት በሚያልፍበት የመስታወት ገመድ፣ ውስጥ በሰከንድ 200,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሄዳል። ከአዲስ አበባ ጀርመን ፍራንክፈርት በቀጥታ ከ5,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ደርሶ መልስ ከ50 ሚሊሰከንድ በታች ሊሆን አይችልም። የማንም ኢንተርኔት ቢሆን፣ የቱንም ያህል ቢከፈልበት። እውነተኛው መንገድ ደግሞ ቀጥታ አይደለም፤ የባሕር በር ስለሌለን ገመዱ መጀመሪያ በጎረቤት አገር በኩል ወደ ባሕር መውጣት አለበት።

ካዛንቺስ ቢሮ ሆኖ አውሮፓ ያለ ዳታቤዝን 20 ጊዜ ተራ በተራ የሚጠይቅ ገጽ ቢያንስ አንድ ሰከንድ በመንገድ ላይ ያጠፋል። ሃያውን ጥያቄ አንድ ማድረግ ግን ከሰዓት በኋላ የሚያልቅ ሥራ ነው። ቦት ሠሪዎቹ ይህን እዚያው የራሳቸው ኮድ ላይ ፈልገው አገኙት።

የክፍያ ሲስተሟ ልጅ መሥሪያ ቤቷ ውስጥ «ተሳክቷል» የሚለው መልእክት ከኮሚት በፊት ነው ወይስ በኋላ የሚላከው ብላ ጠይቃ ነበር። የሚያውቅ ስላልነበረ ራሷ ኮዱን አንብባ አረጋገጠች። በኋላ ነው። አሁን ሰነዱ ላይ ተጽፏል።

ከዚህ በኋላ ርዕስ የማመጣው እኔ አይደለሁም። እያንዳንዱ ከሥራው ምክንያቱ ያልታወቀ ችግር ይዞ ይመጣና አብረን ወደ ታች እንወርዳለን። ለኅዳር 20 የተመረጠው የፋርማሲው የወር መጨረሻ ሪፖርት ነው። ለመውጣት ደቂቃዎች ይፈጅበታል። መጀመሪያ ኤስትሬስ ላይ እናስነሳውና ጊዜውን የሚያጠፋው ዲስክ እየጠበቀ፣ ኔትወርክ እየጠበቀ ወይስ እያሰላ መሆኑን እንለያለን።